ክዳኑን ራሱ ነው የበየደው

መጀመሪያ ብረቱን በሽቦ ብሩሽ ይፈትገዋል። ቀለሙ፣ ዝገቱ፣ ቅባቱ ሁሉ መልቀቅ አለበት፤ ብረቱ እንደ ጥርስ እስኪነጣ አይተወውም። ከዚያ ማጠፊያውን ፍሬሙ ላይ ያስቀምጥና በግራ አውራ ጣቱ ተጭኖ በቀኝ እጁ ዙሪያውን በጠመኔ ያሰምራል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። አልወደደውም፤ የወረቀት ውፍረት ያህል ወደ ላይ ያሸሸውና እንደገና ያሰምራል። የብየዳውን የመሬት ገመድ ፍሬሙ ላይ ያስነክሳል። ኤሌክትሮዱን በመያዣው ቆንጥጦ ጫፉን ሁለቴ ጫር ጫር ያደርግና አገጩን ነቅነቅ አድርጎ ማስኩን ፊቱ ላይ ይጥላል። አንድ ነጥብ ከላይ፣ አንድ ነጥብ ከታች። ማስኩን ያነሳል፤ በሩን በትንሿ ጣቱ ይገፋዋል። በሩ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ ድምፅ ሳያሰማ ይመለሳል። ሙሉውን የሚበይደው ይህን ካየ በኋላ ነው። ሲጨርስ ጥቁሩን ቅርፊት በመዶሻ እያራገፈ ስፌቱን በጣቱ ይዳስሳል፤ ገና ትኩስ ነው፤ አይገደውም።

የሚሠራው የታላቅ እህቱን በር ነው። ይህን በር በዕድሜው ሁለት ጊዜ ሠርቶታል። የዛሬ አራት ዓመት ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጎ ሠራው፤ ያየው ሁሉ እጅህን ይባርክ አለው። አሁን ወደ ውስጥ እንዲከፈት እያዞረው ነው። አሁን የሚያመሰግነው የለም፤ ቢያመሰግነውም ቱግ ይላል። ጥርሱን ነክሶ ነው የሚሠራው።

በሠፈሩ «ክብሪት» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት ይህችው እህቱ ናት። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ሦስቱን የማዘጋጃ ቤቱ ጥገና ክፍል በያጅ ሆኖ ሠርቷል። የመንገድ መብራት ምሰሶ፣ የትምህርት ቤት በር፣ የገበያ አጥር፣ በከተማው ውስጥ ብረት ከብረት የተገናኘበት ቦታ ሁሉ የእሱ እጅ አለበት። የሚያናድደው ብዙ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን «ይበቃል» የምትለዋ ቃል ታንጨረጭረዋለች። አንድ ሠራተኛ ጠማማ ፍሬም አቅርቦ «ይበቃል» ካለው አለቀለት። «ሜትር አውቃለሁ» ይለዋል፣ «ሴንቲ ሜትር አውቃለሁ፣ ሚሊ ሜትር አውቃለሁ። ይበቃል የሚባል መለኪያ ግን የትኛው ሱቅ ነው የሚሸጠው? ንገረኝና ሄጄ ልግዛ።»

እህቱ በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ስድስት፣ እሱ ስምንት ነበሩ፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ቆማ ኖረች፤ በመጨረሻ ዳሌዋ እምቢ አለ። አሁን በሁለት ክራንች ከአልጋ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ በር ትደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ አትሞክርም። ምላሷ ግን ማንም ሳይደግፈው ይሮጣል።

የምትኖረው ከመንገዱ ሰባት ደረጃ ዝቅ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። በምድረ በዳ ዳር ላይ ያለ ከተማ ነውና ሰው ከቻለ ወደ ታች ነው የሚሸሸው። በሐሩር ወራት ከላይ ያለው መንገድ ጫማ ያቀልጣል፤ የብረት በር በባዶ እጅ አይያዝም። ታች ግን ግድግዳው አፈር ተደግፎ የቆመ ነውና ጀርባን ሲያስጠጉት ያቀዘቅዛል። ከደረጃው ሥር የሁለት አልጋ ስፋት ያላት ወለል አለች፤ ከወለሏ ወዲህ በሩ፤ ከወለሏ መሐል ደግሞ የጎርፍ መውረጃ አፍ፣ ስድሳ በስድሳ ሴንቲ ሜትር። ከእሱ ሥር ያለው ቱቦ በመንገዱ ሥር ሄዶ ከከተማው ወጥቶ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ይገባል። በዚያ መንገድ ላይ እንዲህ ያሉ አፎች አሥራ አንድ ናቸው።

በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት ያደረገው እንዲሁ አልነበረም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በሩ ወደ ውስጥ ቢከፈት የእህቱን ክራንች ይመታል፣ ጠረጴዛውንም ይገፋል። ከላይ፣ ከመንገዱ ትክክል ባለችው ጠባብ መስኮት ላይ ደግሞ ሌባ እንዳይገባ አምስት ዘንግ የአሥራ ሁለት ፌሮ በየደ። ሁሉም ታስቦበት ነው። ያልታሰበው ውሃ ብቻ ነው።

የክዳኑ ነገር የተጀመረው በአሸዋ ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አሸዋው በመውረጃዎቹ ፍርግርግ ሾልኮ ይገባል። በየሳምንቱ ሦስት ሠራተኞች በአካፋ ሲያወጡ ይውላሉ፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይሞላል። አዲሱ የጥገና ክፍል ኃላፊ ይህን አየና በስብሰባ ላይ እጁን አጨበጨበ። ኃላፊው ሁልጊዜ ንጹሕ ጫማ የሚያደርግ፣ ስልኩን ከእጁ የማያስቀምጥ ሰው ነው።

«መፍትሔው ቀላል ነው» አለ። «ፍርግርጉን እናንሳና በላሜራ እንድፈነው።»

«ውሃውስ?» አለ ክብሪት።

«የምን ውሃ?»

«የዝናብ ውሃ ነዋ! መውረጃ እኮ ነው የምንደፍነው።»

ኃላፊው ሳቀ። ቤቱም አብሮ ሳቀ። «ወንድሜ፣ አንተ እዚህ ከተማ ከመጣህ ስንት ጊዜ ዘነበ?»

«እኔ አልመጣሁም፤ እዚሁ ነው የተወለድኩት። የዘነበውንም አውቀዋለሁ። ሲዘንብ አይነግርህም።»

«እሺ፣ ሲዘንብ እንከፍተዋለን» አለ ኃላፊው፤ ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

ክብሪት ላሜራውን ቆረጠ። ግን በያንዳንዱ ክዳን ላይ አራት ነጥብ ብቻ አደረገ፤ በየማዕዘኑ አንድ። አራት ነጥብ አንድ ሰው በመሮና በመዶሻ በአምስት ደቂቃ ያነሳዋል። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ የልቡን በልቡ ይዞ ሄደ። ነገሩ በዚህ ቢቀር ኖሮ ይህ ታሪክ አይጻፍም ነበር። ሁለት ወር እንዳለፈ ላይኛው መንገድ ላይ ያሉት ክዳኖች መኪና ባለፈባቸው ቁጥር መንጫጫት ጀመሩ። ነዋሪው አቤት አለ። ኃላፊው ክብሪትን ጠርቶ በሰው ፊት «ይሄ ነው ሥራህ? እንደ ድስት ክዳን ይጮሃል!» አለው።

ደሙ ፈላ። የዚህ ሰው ትልቁ ድክመት እዚህ ጋ ነው፤ ስለ ውሃ ሲነግሩት ያልሰሙትን ታግሦ ያልፋል፤ ብየዳህ መጥፎ ነው ካሉት ግን ዓይኑ ደም ይለብሳል። በማግሥቱ ማሽኑን ጭኖ ወጣ። አሥራ አንዱንም ክዳን፣ መኪና የማይደርስበትን የእህቱን ደጃፍ ጭምር፣ ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ በየደ። ሁለት ዙር፤ አንዱ በአንዱ ላይ። ሲጨርስ የቆመበትን ላሜራ በእግሩ ረገጠ፤ ድንጋይ የረገጠ ያህል ነው። «አሁን ይጩህ!» አለ።

እህቱ በመስኮቷ ዘንጎች መሐል ሆና ስታየው ነበር። «ክብሪት» አለችው፣ «ይህን ያህል የምትበይደው ከሥሩ ማን ሊወጣብን ነው?»

«አርፈሽ ተቀመጪ እትዬ።»

«ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?» አለች።

ይህ የሆነው ከዝናቡ ሁለት ዓመት በፊት ነው።

ዝናቡ የመጣው ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም፣ ሙቀቱ ከባሰባቸው ቀናት በአንዱ ነው። ከቀትር ጀምሮ አየሩ ቆሞ ነበር፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም፤ ውሻ እንኳ ከመኪና ሥር አይወጣም። ከዚያ በስተ ምሥራቅ ሰማዩ ቡናማ ሆነ። ሰው ሁሉ የአሸዋ ነፋስ ነው ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ነፋሱም መጣ፣ አሸዋውም መጣ፤ ከአሸዋው ኋላ ግን የጭቃ ጠብታ መጣ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ እዚህም እዚያም፣ ቀጥሎ ቆርቆሮውን ሁሉ በድንጋይ የሚወግሩት መሰለ። የደረቀ አፈር ውሃ ሲቀምስ የሚሰጠው ሽታ ከተማውን ሞላው። ሰዎች ከየሱቁ ወጥተው እጃቸውን ዘረጉ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ የተላጨ ደንበኛውን ይዞ መንገድ ላይ ወጣ። ልጆች በጩኸት ይሽከረከራሉ። ሦስት ዓመት ዝናብ ያላየ ከተማ ነው፤ ደስታው አይፈረድበትም።

ክብሪት ግን ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ ወደ ላይ አላየም። ያየው ወደ ታች ነው። ያገሩ አፈር ውሃ አይጠጣም፤ ፀሐይ እንደ ሸክላ ጠብሳዋለች፤ የወደቀው ሁሉ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። ከከተማው በላይ ካለው ተራራ ሥር ጀምሮ ያለው ውሃ ሁሉ መድረሻው የእህቱ መንገድ ነው። መብረቅ አንዴ ጮኸ፤ የወርክሾፑ መብራት ጠፋ፤ የብየዳ ማሽኑ ድምፅ ተቋረጠ። ያን ጊዜ መዶሻውን፣ መሮውንና ዲጂኖውን አንስቶ ሮጠ።

ሲደርስ መንገዱ ወንዝ ሆኗል። የፕላስቲክ ወንበር፣ ባልዲ፣ አንድ እግር ጫማ፣ ሁሉም አብሮ ይወርዳል። ውሃው መውረጃዎቹ ጋ ሲደርስ በክዳኖቹ ላይ ተንሸራትቶ ያልፋል። አንዲት ጠብታ ወደ ውስጥ አልገባችም። አንዲት! የበያጅ ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ፈታኝ ቢያየው ሙሉ ነጥብ ይሰጠው ነበር። ከእህቱ ደረጃ አናት ላይ ደግሞ ውሃው እንደ ፏፏቴ ወደ ታች ይጥላል። ሰባቱ ደረጃዎች አራት ሆነዋል፤ ሦስቱ ተውጠዋል።

በሆዱ ተኝቶ በመስኮቷ ዘንጎች መሐል አየ። እህቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፤ ክራንቿን ታቅፋለች። ውሃው በበሩ ሥር እየገባ የወንበሩን መቀመጫ አልፏል።

«እትዬ!»

«አለሁ። አትጩህ፤ ደንቆሮ አይደለሁም።»

«በሩን ሞክረሻል?»

«ሳይሞላ ሞክሬያለሁ። በደንብ ነው የሠራኸው፤ ንቅንቅ አይልም።»

ወረደ። ውሃው ወገቡን አለፈ። የበሩን እጀታ ይዞ እግሩን ግድግዳው ላይ ተክሎ ሳበ፤ እንደገና ሳበ። ወደ ውጭ የሚከፈት በር ነው፤ ውጭ ያለው ውሃ ደግሞ በሙሉ ክብደቱ ተደግፎታል። ሦስት ሰው ቢስበውም አይመጣም። የመስኮቱን ዘንግ በመጋዝ ልቁረጥ ቢል ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያስ ዳሌዋ የማይታጠፍ ሰው በዚያች ጠባብ ቀዳዳ በምን ይወጣል? ከዚህ ሁሉ መውጫ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከእግሩ ሥር አለ። ውሃው የሚሄድበት ቱቦ በጫማው የሚረግጠው ላሜራ ሥር ነው።

መሮውን በውሃው ውስጥ በዳሰሳ ስፌቱ ላይ ተከለና በመዶሻ መታ። ውሃ ውስጥ የሚወርድ መዶሻ ጉልበት የለውም፤ እንደ ሕልም ዱላ ነው። መታ፣ መታ፣ መታ። በጣቱ ዳሰሰው፤ ስፌቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። የራሱን ሥራ አወቀው። እያንዳንዷን የብየዳ እርምጃ በጣቱ ሥር አወቃት፤ እኩል፣ የተጠጋጋች፣ ምንም ቀዳዳ የሌላት። ያኔ የተናደደውን ያህል በሕይወቱ ተናዶ አያውቅም፤ በኃላፊው አይደለም፣ በሰማዩም አይደለም፣ በገዛ እጁ ነው። «አንተ እጅ!» ብሎ ጮኸበት። «አንድ ቀን እንኳ መጥፎ ሥራ ብትሠራ ምን ነበረበት!»

ስልኩን ከሸሚዙ ኪስ አወጣ፤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነበርና ይሠራል። ለኃላፊው ደወለ።

«ጄኔሬተሩንና ግራይንደሩን አውጡልኝ! አሁኑኑ!»

«ምን ሆነሃል? ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«እህቴ ውሃ ውስጥ ናት! ክዳኑን ልቁረጠው!»

«እንግዲህ የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ መውጫ ፊርማም ያስፈልጋል። ደግሞ ዝናብ እኮ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ያልፋል። በዚህ ሙቀት ይተናል።»

«ይተናል?»

«ይተናል፤ ተረጋጋ።»

የመለሰለት እዚህ አይጻፍም። እህቱ በመስኮቱ ሰምታ «እሱ እንኳ ይገባዋል» አለች።

ውሃው የጠረጴዛውን ጠርዝ ነካ።

ይህን ጊዜ ከላይ ጥሩምባ ጮኸ። የውሃ ቦቴው ሹፌር ነው። ክብሪትና ይህ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ በሰላም አንድ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም፤ የቦቴው መቅጃ ቧንቧ ሁለቴ ተበይዶ ሁለቴ አፍስሷል፤ አንዱ ብየዳው ነው ይላል፣ ሌላው ነጂው ነው ይላል። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ወደ ታች አየ።

«ክብሪት! ዕድሜዬን ሙሉ ለዚህ መንገድ ውሃ ሳመጣ ኖሬ፣ ዛሬ ውሰድልን ልትሉኝ ነው?»

«አፍህን ዝጋና ሰንሰለት ወርውርልኝ!»

«አፌን ዘግቼ ወይስ ከፍቼ?» አለ ሹፌሩ፤ ግን እያለ ወርዶ ሰንሰለቱን ከመኪናው ኋላ እየፈታ ነበር።

ክብሪት ሰንሰለቱ እስኪወረወርለት ድረስ በእግሩ የክዳኑን ዙሪያ ዳሰሰ። ላሜራው ከብረት ፍሬም ጋር ተበይዷል፤ ፍሬሙ ደግሞ በሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሯል። ስፌቱ የእሱ ነው፤ አይነካም። ሲሚንቶው ግን የእሱ አይደለም። ትዝ አለው። ያን ሲሚንቶ ያፈሰሰው ሥራ ተቋራጭ አሸዋ አብዝቶ ሲሚንቶ እንደ ጨው በጣቱ ነስንሶ ነበር፤ ያኔ ክብሪት «ይሄ ሲሚንቶ ነው ወይስ ሲሚንቶ ያየ አሸዋ?» ብሎ ተጣልቶት ለሁለት ቀን አልተነጋገሩም። ዛሬ ያን ሌባ ቢያገኘው ግንባሩን ይስመው ነበር።

ዲጂኖውን በፍሬሙ ጠርዝ አስጠግቶ ተከለ። መዶሻ ሳይሆን ክብደቱን ነው የጫነው። ሹሉ ገባ። ነቀነቀው፤ የሆነ ነገር ተፈረካከሰ። ወደ ሌላው ማዕዘን ዞረ። ገባ። ሦስተኛው ላይ የዲጂኖው ጫፍ ፍሬሙን አልፎ ከሥሩ ወጣ፤ በቀዳዳው በኩል ውሃው እግሩን ወደ ታች ሳበው። ቱቦው ከሥር አለ! አፉን የሚከፍትለት ሰው ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ሰንሰለቱን ከውሃ በታች አጎንብሶ በቀዳዳው አስገባ፤ በሌላኛው ማዕዘን አውጥቶ በመንጠቆው አሰረ። ሁለት ጊዜ ትንፋሹ አልቆ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ተሳካ።

«ሳብ! ቀስ ብለህ! በመጀመሪያ ማርሽ!»

«መኪና መንዳት ልታስተምረኝ ነው?»

«ሳብ አልኩህ!»

ቦቴው አጓራ። ሰንሰለቱ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፤ የደረጃውን ጠርዝ እየፋቀ ጮኸ። ክብሪት ከግድግዳው ተጣብቆ ቆመ። ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ላሜራው፣ ፍሬሙ፣ ከፍሬሙ ጋር የተጣበቀው ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ ሁሉ አንድ ላይ፣ ከነስፌቱ፣ ጥርስ እንደሚነቀል ተነቅሎ ከውሃው ወጣ። በውሃው መሐል ቀዳዳ ተከፈተ፤ ውሃው ዙሪያውን እየተሽከረከረ ወደ ታች ይገሠግሣል። የፕላስቲክ ወንበሩ መጥቶ ተወተፈ፤ ክብሪት በእርግጫ ሰባበረው። ውሃው ከወገቡ ወደ ጭኑ፣ ከጭኑ ወደ ጉልበቱ ወረደ። ጉልበቱ ላይ ሲደርስ የበሩን እጀታ ሳበ። ተከፈተ።

እህቱ ጠረጴዛው ላይ እስከ እምብርቷ ረጥባ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። በዚህ አገር፣ በሐሩር ወራት፣ ብርድ የያዛት የመጀመሪያዋ ሰው ሳትሆን አትቀርም።

«ክብሪት ከረጠበ አይነድም ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለች።

እሱ በጀርባው አዝሏት ሰባቱን ደረጃ ወጣ። ሹፌሩ ጋቢናውን ከፍቶ ጃኬቱን ዘረጋላት። ክብሪት ከጎማው ሥር ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው፤ ጣቶቹ ተልጠው ይደማሉ። እህቱ አየችው።

«እጅህን አትስደብ» አለችው። «እኔ ነኝ ያሳደግኩት።»

በማግሥቱ ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠራ። እስከ ቀትር መንገዱ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። የስድስት ቤት ዕቃ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ፍራሽ፣ ደብተር፣ የልብስ ስፌት ማሽን። ኃላፊው በንጹሕ ጫማው መጣ። ወደ ተነቀለው አፍ ሄዶ አጎንብሶ የስልኩን መብራት አበራበት፤ ፊቱ ፈካ።

«ቱቦው ንጹሕ ነው!» አለ። «አየህ? አንድ እፍኝ አሸዋ የለበትም! ክዳኑ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ክዳኑ ባይኖር ኖሮ ቱቦው በአሸዋ ተሞልቶ ውሃው የት ይሄድ ነበር?»

 የሚያናድደው ነገር ደግሞ ሰውየው በከፊል እውነት ያለው መሆኑ ነው። ቱቦው ንጹሕ ነበር። ክብሪት ይህን ሌሊቱን ሲያብሰለስል ነው ያደረው፤ ክዳን ማስፈለጉን ራሱም አይክድም።

«ክዳኑ አይደለም ጥፋቱ» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ የሚያውቁት ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ጥፋቱ አለመነሳቱ ነው። ሲዘንብ እንከፍተዋለን አላልክም? ዘነበ። መክፈቻው የት ነበር? በየትኛው ስብሰባ ላይ ነበር?»

«እንግዲህ ማን ይዘንባል ብሎ አሰበ...»

«እኔ አሰብኩ! አስቤም በየድኩት። አንተ ሳታስብ አዘዝክ፤ እኔ ግን እያሰብኩ በየድኩ፤ ለምን? ብየዳህ ይጮሃል ስላልከኝ! ከሁለታችን የባሰው ደደብ ማን እንደሆነ አንተ ንገረኝ።»

ኃላፊው በዚያ ቀን አልመለሰም። የመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው፤ በደብዳቤ። «የሕዝብ ንብረት የሆነውን የጎርፍ መውረጃ ክዳን ያለ ፈቃድ ነቅለው ጉዳት በማድረስዎ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል፤ ክዳኑንም በነበረበት ሁኔታ መልሰው እንዲበይዱ ታዝዘዋል» ይላል፤ ማኅተም አለው። ክብሪት አንብቦ ጨርሶ አልቀደደውም። ወርክሾፑ ውስጥ ከሞርሳው በላይ በሁለት ምስማር ሰቀለው፤ ቀና ባለ ቁጥር እንዲያየው። ንዴቱ እንዳይበርድበት ነው።

መልሶም አልበየደም። «ሌላ በያጅ ፈልጉ፤ ካገኛችሁ ደግሞ ከእኔ የባሰ ይሁን» ብሎ ላከባቸው። ከዚያ በዕረፍት ቀኑ የራሱን ግራይንደር ይዞ ወጣና ከመንገዱ አናት ጀመረ። ሁለት ዙር የበየደውን ስፌት ሁለት ዙር ቆረጠ። ለእያንዳንዱ ክዳን በአንዱ ጠርዝ ማጠፊያ፣ በሌላው ጠርዝ ደግሞ ዘንግ የሚገባባት ቀለበት አደረገለት፤ ከሥሩ ጩኸቱን የሚያፍን የመኪና ጎማ ቁራጭ አነጠፈ። አሸዋ አያስገባም፤ መኪና ሲያልፍበት አይጮህም፤ አንዲት አሮጊት በአንድ እጇ ታነሳዋለች። ሞክሮታል፤ ያነሳችው የገዛ እህቱ ናት፤ ሹፌሩ ከኋላ ደግፏት። ከአሥራ አንዱ ሰባቱን ጨርሷል። ኃላፊው በመኪና ሲያልፍ መስተዋቱን ይዘጋል።

እህቱን ላይኛው ክፍል ውስጥ ላስገባሽ ቢላት እምቢ አለች። «ውሃው በሦስት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሙቀቱ በየቀኑ ነው» አለች። ስለዚህ ነው በሩን የሚያዞረው። ጠረጴዛውን በአርባ ሴንቲ ሜትር አሳጠረው፤ ክራንቿን የምትሰቅልበት መንጠቆ ከበሩ ራቅ አድርጎ በየደላት። የመስኮቱን ዘንጎች ደግሞ በአንድ ፍሬም አስሮ ከውስጥ በምትመዘዝ ዘንግ ብቻ እንዲከፈቱ አደረገ። ማስኩን አውልቆ የጨረሰውን በር ሦስት ጊዜ ከፈተ ዘጋ። ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ ይህን ለሚያነብ ሰው ይድረስልኝ ያለው ይህ ነው፤ የተናገረውም እንደ ልማዱ እየጮኸ ነው።

«ይህን ስታነብ ሰማዩ ጠርቶ ይሆናል። ጥሩ፤ ሰዓቱ ያ ነው። አንብበህ ስትጨርስ ተነሳና ደጅህ ላይ ያለውን የመውረጃ ክዳን አንሳው። በዓይንህ አይደለም፣ በእጅህ። ከተነሳልህ መልሰህ ክደነው፣ እኔም አርፋለሁ። ካልተነሳ ግን ‹ይበቃል› ብለህ እንዳትገባ። ማን እንደበየደው ጠይቅ፤ ያዘዘውን አይደለም፣ የበየደውን። ምናልባት እኔ ነኝ። እኔ ከሆንኩ አትማረኝ፤ እጄን ይዘህ አምጣና ራሴ ልክፈተው።»